ውሃ የማይነካው ጨርቅ

በዓይን የማይታይ ሸቀጥ የሚሸጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሆሳዕና ከተማ ላይ ገጠመኝ፤ ያውም አብሮ አደጌ! ሱፉን ግጥም አድርጎ ከአዲስ አበባ መጣና ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቱን ሰበሰበ። ጨርቅ ላይ ውሃ ሲያፈስ ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወረደ።

«ናኖ ቴክኖሎጂ ማለት ይሄ ነው! አክሲዮን ግዙ!» አለ።

አክስቴ ጊደሯን ልትሸጥ ቆረጠች። ከሌሞ ገጠር የመጡት አጎቴ ግን፣ «አንተ፣ ይሄማ ጓሯችን ያለው ኮባ አይደል እንዴ?» አሉት።

ለካ! ተማሪ ሳለን እኔና እሱ በአንድ ኮባ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠልለን ስንሮጥ፣ ዝናቡ እንዲያ ነበር የሚንከባለለው። ደብተራችን ረጥቦ አያውቅም።

ወዲያው ዶፉ ወረደ። ናኖው ሱፉ ድረስ አልደረሰም መሰለኝ፣ በሰበሰ።

«እባክህ፣ አንድ ኮባ ቁረጥልኝ» አለኝ።

ቆረጥኩለት። አክሲዮን ግዛ አላልኩትም።