ዜና ዘመቻ ዘወይዘሮ ቶዋ በእንተ ዳክዬ ወብስክሌት

ዓመታት በእንስሳት ስም በሚጠሩበት አገር፣ በዘመነ ድመት፣ የሲሚንቶው ድልድይ በተሠራ በዘጠነኛው፣ ታላቁ ጎርፍ የአሳማውን በረት ነቅሎ ወደ ባሕር በወሰደ በሦስተኛው ዓመት፣ በቱ ቦን ወንዝ መካከል ባለችው ደሴት፣ የሰሌን እመቤት፣ ክንደ ብርቱ፣ በዘመነ ጎሽ ተወልደው እንደ ጎሽ ከያዙት መንገድ የማይመለሱት ወይዘሮ ቶዋ፣ ለብዙ ዓመት በሆዳቸው አምቀው የያዙትን ቂም ሊያወጡ ቆርጠው ተነሡ። ቂሙም የዳክዬ ቂም ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ወይዘሮ ቶዋ አዲስ ምራት ሆነው ወደዚህ ቤት በገቡ በዓመቱ፣ ሰሌን በብስክሌት ጭነው ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ በሩዝ ማሳው መካከል ባለችው ጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ ወደቁ። ሰው ይወድቃል፤ ንጉሥም ከፈረሱ ይወድቃል። ነገር ግን የባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ቪን የተባለው፣ ምላሰ ፈጣኑ፣ ነገር አጣፋጩ፣ ከዘመናት በኋላ ብስክሌት ሰብስቦ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡትን እንግዶች ግማሽ ቀን በገጠር እያዞረ የእጅ ሥራ የሚያሳይ የብስክሌቶች አለቃ በሆነ ጊዜ፣ ያቺን አወዳደቅ ወስዶ መተዳደሪያ አደረጋት።

ጉዞው ሁልጊዜ ከወይዘሮ ቶዋ ግቢ ይነሣል፤ የሩዝ ቂጣ ከሚጋገርበት ቤትና ክብ የቀርከሃ ጀልባ ከሚሠራበት ግቢ ደርሶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ቀትር ላይ ተመልሶ ወይዘሮ ቶዋና አማታቸው እማማ ህዌ ሰሌን ከሚሠሩበት ዳስ ያበቃል። በዚያም እማማ ህዌ ሽመናውን የሚያጠብቀውን መምቻ ይዘው ሲመቱ፣ ወይዘሮ ቶዋም ቄጠማውን በረጅም ዘንግ በድሩ መካከል ሲያሾልኩ፣ ቪን ከኋላቸው ቆሞ ያቺን ታሪክ ለእንግዶቹ በእንግዶቹ ቋንቋ ይተርካል። ቋንቋውን ወይዘሮዋ አይሰሙትም። ሁለት ክርኑን አንሥቶ እንደ ዳክዬ ሲያራግብ ግን የማይገባው ፍጥረት የለም።

በመጀመሪያው ዓመት ዳክዬዋ አንዲት ነበረች። ቀጥሎ ሦስት ሆኑ። ጎርፉ ሲያልፍ መንጋ ሆኑ። በዘመነ ድመት መባቻ ደግሞ አንዲቱ ዳክዬ በወይዘሮ ቶዋ ባርኔጣ ላይ እንቁላል ጣለች። እንግዶቹ ሳቁ፤ ወይዘሮዋም የሳቀ እንግዳ ደስ ብሎት ይሄዳል ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ቄጠማቸውን አሾለኩ።

እውነቱን ግን ዜና ጸሐፊ ሊሰውር አይገባውም። አንዲት ዳክዬ በርግጥ ነበረች፤ እሷም ሩቅ ነበረች። ከወይዘሮዋ ኋላ፣ ከሰሌኑ ጭነት ላይ ግን፣ አንድ ሸንኮራ የሚያኝክ ጎረምሳ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ዓሣ አየሁ ብሎ ወደ ግራ አዘነበለ፤ ብስክሌቱም አብሮት አዘነበለ። በአጭሩ፣ ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ገቡ። ያ ጎረምሳ ቪን ነበር፤ ይህን ግን ለአንድም እንግዳ ነግሮ አያውቅም። ወይዘሮ ቶዋም ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም።

በዚያም ወራት ለልጃቸው ለንጋ ሽማግሌ መጣ። የወንድ ወገኖች ከወንዙ ማዶ በጀልባ ተሻግረው፣ በሽምግልና ሥርዓት የሚታኘከውን ቅጠልና ፍሬ በቀይ ትሪ ደርድረው ገቡ። የሙሽራው አባት፣ ደግና ተጫዋች ሰው፣ ሻዩን እንደ ያዘ በተሰበሰበው ሁሉ ፊት እንዲህ የሚል አዋጅ አወጣ፦

«ወይዘሮ፣ ያቺ የዳክዬዋ ሴት እርስዎ ኖት እንዴ? የእህቴ ልጅ ሆቴል ነው የሚሠራው፤ እንግዶቹ ሲያወሩ ሰምቶ አጫወተን። እኛማ ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። እንቁላሏንስ በሏት?»

ወይዘሮ ቶዋ ሻይ ይቀዱ ነበር። ብርጭቆው ሞላ፤ ፈሰሰ፤ እሳቸው ይቀዳሉ። ንጋ አንገቷን ደፋች። ጥሎሹም ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እንዲሆን ተቀጠረ፤ እንግዶቹም እየሳቁ ወደ ጀልባቸው ወረዱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ቶዋ በወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆመው አወጁ፦

«ልጄ የዳክዬዋ ሴት ልጅ ተብላ አትዳርም። አለቀ።»

ወእምዝ፣ በሌላው ቀን ጠዋት፣ እንግዶች በግቢው ተሰበሰቡ። የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው፦ ከሆላንድ የመጣው፣ ጉልበቱ እስከ ብስክሌቱ መሪ የሚደርሰው ረጅም ሰው፤ ፊታቸውን በነጭ ቅባት የለበጡ፣ ከአንድ ጠርሙስ ውኃ የሚጠጡ ሁለት አረጋውያን እህትማማቾች፤ ገና የተጋቡና መንገድ የማያዩ፣ እርስ በርስ ብቻ የሚተያዩ ባልና ሚስት። አንድ ሰው ግን በሆዱ ጠንቅ ከሆቴሉ ቀርቶ ነበርና፣ ሰማያዊቱ ብስክሌት ባለቤት አጥታ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማ ነበር።

ወይዘሮ ቶዋ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ባርኔጣቸውን ከአገጫቸው ሥር አስረው፣ ኮርቻዋን በመዳፋቸው ጠፍጥፈው አወጁ፦

«ይቺ ባዶዋን አትሄድም። ዛሬ እኔም እንግዳ ነኝ።»

የብስክሌቶች አለቃ ቪንም ለአዋጁ አዋጅ መለሰ፦ «እትዬ፣ ተይ እንጂ። ዳክዬዎቹ ዛሬ ወጥተዋል አሉ።»

«ይውጡ። ለነሱ ብዬ እኮ ነው የምሄደው» የሚል ደብዳቤ የሌለው ትእዛዝ ወጣ።

ባለቤታቸው ሉክ፣ በዓመት ጥቂት ቃል ብቻ የሚያወጡ ዝምተኛ ሰው፣ መረባቸውን አስቀምጠው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑና ለመላው ግቢ አሳወቁ፦ «የግራው ፍሬን አይሠራም። የቀኙ ትንሽ ይሠራል። ደወሉ ግን አንደኛ ነው።»

እማማ ህዌም ከዳሱ ሆነው ጮኹ፦ «አንቺ ቶዋ፣ ታዲያ ዛሬ ቄጠማ ማን ሊያሾልክልኝ ነው?»

«ይቆዩኝ እማማ፤ ስመለስ ሰው ይዤልዎት እመጣለሁ።»

እንዲህም ብለው እግራቸውን በእርካቡ፣ ማለትም በፔዳሉ፣ አኖሩ፤ ተነሡም። የመጀመሪያው ግስጋሴ ቀጥ ያለ አልነበረም። ዶሮዎች ወደ ቀኝ፣ ድመት ወደ ጣሪያ ሸሸ፤ ጎረቤት ያሰጣችውን ልብስ መሐል ለመሐል አልፈው፣ በማዶ ሲወጡ የሰው ሸሚዝ እንደ ካባ ከትከሻቸው ተንጠልጥሎ ታየ። አልወረዱም። ሸሚዙን በአንድ እጅ አውልቀው በአጥር ላይ ጣሉት፤ ለዚህም አንድ እጅ ብቻ ስለ ቀራቸው አጥሩን በጥቂቱ ነኩት። አጥሩ ዛሬም ወደዚያው ዘሞ ይታያል።

ከሩዝ ቂጣው ቤት በደረሱ ጊዜ አብሮ አደጋቸው ኛን፣ የእንፋሎቱ እመቤት፣ በምጣዱ አፍ በተወጠረው ጨርቅ ላይ ስስ ሊጥ እያፈሰሰች ለእንግዶች ታሳይ ነበር። ወይዘሮ ቶዋን በእንግዳ በርጩማ ተቀምጠው ባየች ጊዜ አዋጇ እንዲህ ሆነ፦ «አይ ቶዋ! ከኔ ጋር ጥርስ የነቀልሽ ሴትዮ፣ ቂጣ መጋገር ላስተምርሽ?»

«አስተምሪኝ። ስጨርስም አጨብጭቢልኝ፤ እንግዳ ነኝ።»

ቂጣውን ከጨርቁ ሲያነሡት በችኮላ ለሁለት ተቀደደ። ኛንም አጨበጨበች፤ ረጅሙ ሰውዬም፣ እህትማማቾቹም አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ለወይዘሮዋ አንድ ታላቅ ነገር ተገለጠላቸው፦ እንግዳ የሆነ ሰው ምንም ቢያበላሽ ይጨበጨብለታል። ይህንንም በልባቸው አኖሩት።

በጀልባው ግቢም እንግዶቹ የጀልባው ሆድ ውኃ እንዳያስገባ የሚቀባውን የከብት እበት አሽትተው አፍንጫቸውን ሲይዙ፣ ወይዘሮ ቶዋ እጃቸውን እስከ ክርን አስገብተው ቀቡ። ሽማግሌው ጀልባ ሠሪም፣ ያችን የጥንት ውድቀት ከሩቅ ያዩ ብቸኛው ምስክር፣ በዝግታ መረቋቸው፦ «ሂጂ ልጄ። ድልድዩ ላይ ፊት ፊትሽን እይ። የዛሬው ጭነትሽ ቀላል ነው፤ ከኋላሽ ሸንኮራ የሚበላ የለም።» ቪን ይህን ሲሰማ በድንገት የጎማ ንፋስ መመርመር አስፈለገው።

ከዚህም በኋላ ወደ ድልድዩ ደረሱ። እንጨቱ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ስፋቱ ግን ያው ነው፤ መደገፊያም የለውም፤ በግራና በቀኝ ጭቃና ውኃ ነው። እነሆም፣ ቀጠሮ እንደ ተሰጠው ጦር፣ የዳክዬ እረኛው ከታችኛው ማሳ ወደ ላይኛው መንጋውን ሲያሻግር ተገናኙ። ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ዳክዬ ሆነ።

ቪን ሁሉም ወርዶ በእጁ እንዲገፋ አዘዘ። ሁሉም ወረደ። እሱም ወደ ኋላ ዞሮ፣ ወይዘሮ ቶዋን እያየ፣ ሁለት ክርኑን ቀስ አድርጎ ማንሣት ጀመረ።

ወይዘሮ ቶዋ አልወረዱም። የቀኙ ፍሬን በሉክ ቃል መሠረት ትንሽ ብቻ መሥራቱን ይህ ዜና አይክድም። ነገር ግን ዓይናቸውን በማዶው የኮባ ዛፍ ላይ ተክለው፣ ያንን አንደኛ ደወል መቱት፤ ደግመውም መቱት። መንጋውም፣ የደወሉ ድምፅ እንደ ነጋሪት በመጣ ጊዜ፣ ለሁለት ተከፈለ፤ እኩሌታው በግራ፣ እኩሌታው በቀኝ ወደ ውኃው ዘለለ፤ እሳቸውም በመካከሉ አለፉ። ነፋስ መጥቶ ማሰሪያውን ፈትቶ ባርኔጣቸውን ወሰደው። ባርኔጣው ወደቀ እንጂ እሳቸው አልወደቁም። የብስክሌት አገር ሰው የሆነው ረጅሙ ሆላንዳዊ የራስ መከላከያውን አውልቆ በደረቱ ላይ ያዘ።

ቀትር ላይ ከዳሱ ደረሱ። እማማ ህዌ መምቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የአሾላኪው ስፍራ ባዶ ነው። ወይዘሮ ቶዋ ወደዚያ አልሄዱም። በእንግዳ በርጩማ ተቀምጠው፣ በእንግዳ ብርጭቆ የሸንኮራ ውኃ እየጠጡ አወጁ፦ «ቪን፣ እራት ላይ ‹ይህ ማንም የሚችለው ሥራ ነው› ስትል ስንት ዘመን ሰማሁህ። በል፣ ማንም ማለት አንተ ነህ። እናትህ ሰው ይፈልጋሉ።»

እንግዶቹ ነገሩ የጉዞው ሥርዓት መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ቪንም በጭብጨባ ፊት እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነውና ተቀመጠ።

ቄጠማ ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው። አንዱን በሥሩ፣ ተከታዩን በጫፉ እያገላበጡ ካላሾለኩት፣ ሰሌኑ በአንድ ወገን ወፍሮ እንደ ማራገቢያ ይጣመማል። ይህን በደሴቲቱ ላይ ያልሰማ የለም፤ ቪንም አሳምሮ ያውቀዋል። ነገር ግን እጁ ሲሠራ ምላሱ ዝም አልልህ አለው። ታሪኩን ጀመረ፤ ወደ ዳክዬዋ ሲደርስ ዘንጉን አኑሮ ክርኑን አራገበ፤ ተመልሶ ዘንጉን ሲያነሣ የቱን ጫፍ እንዳሾለከ ጠፋው፤ በሥሩ አሾለከ። ሌላ ዳክዬ መጣች፤ እንደገና በሥሩ። በእንቁላሉ ጊዜማ ሦስቱን ተከታትሎ በሥሩ አስገባቸው። እማማ ህዌ አዩ፤ መምቻቸውን መቱ።

መጣመሙን ባየ ጊዜ ሊነሣ ፈለገ። እናቱ ግን የቤቱን ሕግ አስታወሱት፦ «ተቀመጥ! የጀመሩትን ሰሌን ጥሎ የተነሣ ቤቱ ጎርፍ ይገባዋል። የአሳማውን በረት ረሳኸው?» ሰሌኗ የአንድ ሰው መቀመጫ የምታህል ነበረችና፣ እንግዶቹ ምሳቸውን እየበሉ፣ እሱ ላቡ እየፈሰሰ ጨረሳት። ከመሥሪያው ስትወርድ አንድ ወገኗ ሰፊ፣ አንድ ወገኗ ጠባብ፣ መሬት ላይ ቢዘረጓት አንዱ ጥግ የሚነሣ፣ ሲጫኑት ሌላው የሚነሣ ሆነች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እማማ ህዌም አወጁ፦ «ልጄ ነህ፣ እወድሃለሁ። በዚህ ላይ ግን ውሻም አይተኛ።»

ወይዘሮ ቶዋ ሰሌኗን ጠቅልለው፣ በክር አስረው ከዳሱ ምሰሶ ሰቀሏት። ከማግስቱ ጀምሮ፣ ቪን ክርኑን ባነሣ ቁጥር፣ እሳቸው ክሩን ይፈቱታል፤ ሰሌኗም በእንግዶቹ ፊት ተዘርግታ ትንጠለጠላለች፤ እሳቸውም በጣታቸው ወደ ሰሌኗ፣ ቀጥሎም ወደ ቪን ያመለክታሉ። ይህም ትርጉም አይሻም። መጀመሪያ እንቁላሉ ጠፋ። ከዚያ መንጋው ቀነሰ። ጨረቃዋ ልትሞላ ስትቃረብ የቪን ክርን ከጎኑ አይለይም ነበር።

የጥሎሹም ቀን ደረሰ። የወንድ ወገኖች ቀያይ ትሪዎቻቸውን ተሸክመው ገቡ፤ ወይዘሮ ቶዋ ለሁሉም አሳምረው የሠሯቸውን ሰሌኖች ዘረጉ፤ ለቪን ግን የራሱን ዘረጉለት። እሱም ወደ ግራ አዘንብሎ ተቀመጠ። የሙሽራው አባት አየና ሳቀ፤ ይህንን ደግሞ ማን ሠራው ሲል ጠየቀ።

ወይዘሮ ቶዋ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡ። «የሠራውማ እሱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ከብስክሌቴ ኋላ ተቀምጦ ሸንኮራ እየበላ፣ እንዲህ እንደ ተቀመጠው አዘንብሎ የጣለኝም እሱ ነው።»

ንጋ ቀና አለች። ቪን በጠማማዋ ሰሌን ላይ ሊቃና ሞከረ፤ ሌላው ጥግ ተነሣበት።

«እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ» አለ። «ዳክዬ የሚባል ነገርም አልነበረም።»

«አንዲት ነበረች» አሉ ወይዘሮ ቶዋ፣ ሻዩን እየቀዱለት። «ሩቅ ነበረች።»

እንግዲህ ባርኔጣቸውን ሰጥተው ስማቸውን ላስመለሱ፣ በትንሽ ፍሬን ትልቅ ድልድይ ለተሻገሩ፣ መንጋ ለሁለት ለከፈሉ፣ ጠማማ ሰሌን ለሰቀሉ ለወይዘሮ ቶዋ፣ ከወንዙ ወዲህም ከወንዙ ወዲያም ክብር ይሁን፤ ደወላቸው አይዛግ፣ ቄጠማቸው አይሰበር፣ ልጃቸውም የብስክሌተኛዋ ልጅ ተብላ በደስታ ትዳር። አሜን።