የድንቹ ዘበኛ

እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም አያጣም። ካላመናችሁ ደባርቅ ገበያ መሐል ቁሙና «ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብላችሁ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ፣ ተናገሩ። ቅዳሜ ተናግራችሁ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ከተማው በሙሉ መድኃኒት አዋቂ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አንዷ ትኩስ ወተት ትላለች፤ ሌላዋ ተልባ ትላለች፤ አንዱ ደግሞ የአልጋህን ራስጌ ወደ ምሥራቅ አዙር ይላል። አዙሬያለሁ። ወተቱንም ተልባውንም ጠጥቻለሁ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር በተነፋ ሆድ ወደ ምሥራቅ ማፍጠጥ ነው።

ታላላቅ ሰዎች በአገር ጉዳይ እንቅልፍ ያጣሉ ይባላል። እኔ ያጣሁት በሰላምታ ነው። ዓይን አፋር ነኝ። ከፋሲካ በፊት እናቴ ለቅሶ ቤት ይዛኝ ሄደች፤ እኔም መንገዱን ሙሉ «እግዜር ያጽናችሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ» እያልኩ ተለማመድኩ። ሐዘንተኞቹ ፊት ስቆምና ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍብኝ ግን ከአፌ የወጣው «እንኳን አደረሳችሁ» ሆነ። ምነው በተቆጡኝ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋደም ባልኩ ቁጥር ለቅሶ ቤቱ ይመጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሰዎቹ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም እንደገና እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ። ሟቹ እንኳ እንደኔ አልተቸገሩም፤ እሳቸው ቢያንስ አርፈዋል።

የንስሐ አባታችን ጉዳዩን ሰምተው «ልጄ፣ ሌሊት ነቅቶ መትጋት ጸጋ ነው፤ ዳዊት ድገምበት» አሉኝ። ደገምኩ። እንቅልፍ ግን አልመጣም። ምናልባት ጸሎቴን ላለማቋረጥ ብሎ ደጅ ቆሞ ቀርቶ ይሆናል።

በመጨረሻ እናቴ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሲስተሯ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከምሳ በኋላ ቡና እንዳልጠጣ፣ ቀን እንዳልተኛ፣ ሌሊቱ ቢከፋም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እንድነሣ፣ ስልክ ይዤ አልጋ ውስጥ እንዳልገባ ነገረችኝ። እንቅልፍ ካልመጣም ተነሥቼ ጨለም ያለ ቦታ ልቀመጥ፤ አልጋ የመገላበጫ ሜዳ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍን አታሳድደው አለችኝ። «እንቅልፍ እንደ ተለቀቀች በቅሎ ነው፤ ልትይዛት ስትሮጥ ትሸሻለች፤ ፊትህን አዙረህ ከተቀመጥክ ራሷ መጥታ ታሸትሃለች።»

ሁሉንም አደረግሁ። የመጨረሻዋ ግን አቃተችኝ። እንቅልፍን አለመፈለግን አጥብቄ ፈለግሁት! ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ፤ በጎን ዓይኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ በቅሎዋን ስጠብቅ አደርኩ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ጋሼ ማሩ የመጡት። ጋሼ ማሩ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቁል ወረድ ብሎ ማሳ አላቸው። ስለ እንቅልፍ ከተነሣ ግን እሳቸው የናጠጡ ሀብታም ናቸው። በቅሎ ላይ ተቀምጠው ይተኛሉ፤ በቅሎዋ ናት ቤታቸው የምታደርሳቸው። አንድ ሠርግ ላይ ጉርሻ በጉንጫቸው ይዘው ሲያንኮራፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘንድሮ ክረምት ግን ይኸው ሀብታቸው ጠላት ሆነባቸው። ድንች ተክለዋል፤ ጃርት ደግሞ ሌሊት እየመጣ ይቆፍርባቸዋል። ገብሱ እስኪደርስ ልጆቻቸው የሚበሉት ያን ድንች ነው። ስለዚህ ጋሼ በየሌሊቱ ማማ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ፤ ማለቴ፣ ማማ ላይ ወጥተው ይተኛሉ።

እናቴ የኔን ጉድ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጋሼ ቀስ በቀስ ፊታቸው እየበራ ሄደ።

«እኔ እምለው፣ ይኸ ልጅ ሌሊት ዓይኑን አይከድንም ነው የምትይኝ?»

«አይከድንም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ይኸ እኮ በሽታ አይደለም፤ ሙያ ነው!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። ጋሼም እኔን ዘበኛ አድርገው ቀጠሩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የማመካኘው ነገር የለኝም። ቢኖረኝስ መቼ እምቢ ማለት አውቅና? ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ሰው በኔ አለመተኛት ሲደሰት የመጀመሪያዬ ስለሆነ ትንሽ ኮራ ብያለሁ።

ማታ ጋሼ ጋቢ፣ ባትሪና አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ሰጥተው ማማው ላይ አወጡኝ። ኮሽ ካለ ቆርቆሮውን እንድደበድብ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የልጆቼ ጉሮሮ ነው፤ አደራ» አሉና ወረዱ። አደራ የምትባል ቃል እንዴት ትከብዳለች! ጋቢውን ተከናንቤ፣ እንደ ጦር አዛዥ ጨለማውን እየቃኘሁ፣ «እንዳትተኛ!» ብዬ ራሴን አዘዝኩ። ደግሜ አዘዝኩ። ካፊያው የማማውን ሣር በቀስታ ይመታል። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ማሳውን ሸፍኖታል። ለቅሶ ቤቱን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ያን ሁሉ ቁልቁለት ማን ይወርዳል ብሎ ይሆናል። ዓይኖቼን በተራ በተራ ላሳርፋቸው ብዬ መጀመሪያ ግራውን ከደንኩ። ቀኙ ተራውን መጠበቅ የማያውቅ ኖሯል።

ስነቃ ጸሐይ ወጥታለች። አንድ ሰው ከታች ቆሟል። ደንግጬ ቆርቆሮውን ባለ በሌለ ኃይሌ ደበደብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። የቆሙት ጋሼ ማሩ ነበሩ፤ በእጃቸው ረጅም የጃርት እሾህ ይዘዋል። ያገኙት ከማማው እግር ሥር ነው፤ ጃርቱ በሥሬ ሲያልፍ ጥሎት ሄዷል። ከኋላቸው የማሳው አንድ ጎን በማረሻ እንደተገለበጠ ሆኗል።

ጋሼ አልጮኹም። የተነከሰ ድንች አነሡና አገላብጠው አዩት። «ደግሞ ማንኮራፋትህ!» አሉኝ። «ከታች መንገድ ድረስ ይሰማል እኮ! እኔ ሞኙ ጃርቱን እያስፈራራ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጃርቱ ያን ሁሉ ሲቆፍር አንድ ጉድጓድ ለኔ ቢተውልኝ ምን ነበረበት? ጋሼ እጄን ይዘው ደባርቅ ድረስ ወሰዱኝና እናቴ ፊት አቆሙኝ። ጃርቱ የማሳውን አንድ ጎን እንዳጠፋው፣ ልጇ ግን ጸሐይ እስኪሞቀው እንደተኛ ነገሯት። እናቴ የሰማችው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

«ተኛ? ልጄ ተኛ?»

«ተኛ እንጂ! ድንቹ እኮ...»

እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ጋሼ ማሩ እሾሁን እንደያዙ፣ በራሳቸው ድንች ጥፋት በሚቀልጥ እልልታ መሐል፣ ክርስትና እንዳነሣ ሰው ሲሳሙ ቆዩ። እናቴ ካለን ገብስ ለልጆቻቸው ሰፍራ ሰጠቻቸውና በቅሎዋ ላይ ጫኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተኙ ሄዱ።

ሲስተሯ ስትሰማ ሳቀች። እንቅልፍን ማሳደድ ስለተውክ መጣልህ አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ጨርሼ ድኛለሁ ባልልም ብዙውን ሌሊት እተኛለሁ። እምቢ ሲለኝም ተነሥቼ በር አጠገብ ቁጭ እላለሁ፤ ለቅሶ ቤቱም ሲመጣ «እናንተም ቁጭ በሉ» እላቸዋለሁ። አድረን ጠዋት በሰዓታችን እንነሣለን።

ጉዱ የጋሼ ማሩ ነው። በቅሎ ላይ የሚተኙት ሰውዬ እንቅልፍ አጡ! ቤታቸው ጋደም ሲሉ የጃርቱ ቁፋሮ ከትራሳቸው ሥር ይሰማቸዋል። ወተቱም ተልባውም ተሞከረ። ይኸ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ማን ዘንድ መላክ ነበረባቸው? ወደኔ። እንዲህ ያለው ሕመም ካገኘው ሰው ነው የሚማሩት አሉ። እኔም ሐኪም ሆንኩ ማለት ነው።

ሄድኩና እየተንተባተብኩ ሲስተሯ ስለ ነገረችኝ በቅሎ ነገርኳቸው። ማማው ላይ እንዲወጡ፣ እንቅልፍን እንዳያሳድዱ፣ ዝም ብለው ድንቹን እንዲጠብቁ መከርኳቸው። አሰብ አደረጉና «አንተም አብረኸኝ ውጣ። ያን ማንኮራፋትህን ከሰማሁ እኔንም ይወስደኛል» አሉኝ።

ወጣን። ጎን ለጎን ተጋደምን። ጋሼ ጆሯቸውን ወደኔ አዙረው የኔን ማንኮራፋት መጠበቅ ጀመሩ። ሰው እየጠበቀህ እንዴት ይንኮራፋል? ቶሎ ካልተኛሁ አሳፍራቸዋለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በጨፈንኩ ቁጥር ይበልጥ ነቃሁ። እሳቸው «ኧረ ጀምር እንጂ» ይሉኛል፤ እኔ «እሺ ጋሼ» እላለሁ። ወገግ ሲል ሁለታችንም ጣራውን አፍጥጠን እያየን ነበር።

በዚያ ሌሊት ደህና የተኛው ድንቹ ብቻ ነው።