የሰው ድስት የሚከፍቱት እመት ኤተልቪና

በፔኛልባ የፖም ጠጅ ቤት ሰሞኑን አንድ ወሬ ይናፈሳል። ኦሊቫ ከሆስፒታል በተመለሰችበት እሑድ፣ አያ ቤላርሚኖ ቤት የተበላው የቦሎቄና የአሳማ ሥጋ ሾርባ የአያ ቤላርሚኖ እጅ ሥራ አይደለም፤ ያበሰሉት ጎረቤቱ እመት ኤተልቪና ናቸው፣ ድስቱም በጓሮ አጥር ተሻግሮ ነው የገባው ይባላል።

ይህን የሚያምን ሰው እመት ኤተልቪናን አያውቃቸውም። እሳቸው ሰው ረዱ ከሚባል ወንዙ ሽቅብ ፈሰሰ ቢባል ይቀላል። የሰው ድስት ሳይከፍት ውሎ የማያድር ሰው በየመንደሩ አይጠፋም፤ ዓለም ሲፈጠር ለየመንደሩ አንድ አንድ ታድሏል። ለኛ የደረሱን እመት ኤተልቪና ናቸው። ምናልባት የመላው የአስቱሪያስ አውራጃ ድርሻ በስህተት ለኛ ብቻ ተልኮ ይሆናል።

አስቀድሞ የሚሰማው የእንጨት ጫማቸው ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ያ ድምፅ ሲቀርብ ሴቱ ሁሉ ማንኪያውን ይደብቃል። ቦሎቄ በማንኪያ አይማሰልማ! ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዞ እንደ ሕፃን መወዝወዝ ነው እንጂ ማንኪያ የነካው ቦሎቄ ይፈርሳል፤ ቦሎቄ የፈረሰባት ሴት ደግሞ እስከ ፋሲካ ቀና ብላ አትሄድም። እመት ኤተልቪና ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ ክዳኑን ያነሳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንፋሎቱን ይስባሉ። ከዚያ ያቺን ቃል ይናገራሉ፦ «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን...»

ከ«ግን» በኋላ የሚመጣውን የሚሸከም ትከሻ ገና አልተወለደም።

የደብሩን ቄስ እንኳ አልማሩም። «አባ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ይህን ቦሎቄ አላስደነገጡትም!» አሏቸው አንድ ቀን። ቦሎቄ መንተክተክ ሲጀምር ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማስደንገጥ ያስፈልጋል፤ የደነገጠ ቦሎቄ ቆዳው ሳይላጥ ውስጡ ቅቤ ይሆናል። ቄሱ ተናደው በሚቀጥለው እሑድ ስለ ትዕቢት ሰበኩ። እመት ኤተልቪና ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ስብከቱ ይገባቸዋል ወደሚሏቸው ሰዎች በአገጫቸው እየጠቆሙ በጥሞና አዳመጡ።

የሴሌስቶ ወጥ ቤት በተቃጠለ ጊዜማ የባሰ ነው። መንደሩ ባልዲ ይዞ ሮጠ። አንዱ ላሟን አወጣ፣ አንዱ ፍራሹን። እመት ኤተልቪና ከጭሱ ውስጥ ድስት ታቅፈው ብቅ አሉ። ሴሌስቶ እንባው መጣ።

«እትዬ ኤተልቪና፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

«ቆይ እስቲ» አሉና ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ቤትህ ባይቃጠልም ይሄ የሚበላ አልነበረም።»

በሕይወታቸው ደግ ቃል የተናገሩለት አንድ ሾርባ ብቻ አለ፤ የራሳቸው። የሱ ነገር ሲነሳ ድምፃቸው ዝግ ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ሰው ያማትባሉ። «የኔ ሾርባ» ይላሉ፣ «ነቀፋ ነክቶት አያውቅም።»

እንግዲህ ወደ አያ ቤላርሚኖ እንምጣ። ሚስቱ ኦሊቫ ከጎተራ ደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልጃቸው ማርሴሊና ከምትኖርበት ከሂኾን ከተማ መጥታ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ቁርጡን ተናገረች።

«እሑድ እማዬን ይዣት እመጣለሁ። ቤቱ ሞቆ፣ ምግብ ተሠርቶ ካገኘሁ ትቆያለች። ካልሆነ እኔ ጋ እወስዳታለሁ። አባዬ፣ ራስህን መመገብ ሳትችል በሽተኛ ልታስታምም ነው?»

«ቦሎቄ ሠርቼ እጠብቃችኋለሁ» አለ ቤላርሚኖ።

ኦሊቫ ዳሌዋን እያመማት ሳቀች። «አንተ? ውሃ ሲያፈላ የሚያሳርር ሰው!»

«እሠራለሁ አልኩ!»

ሳቋን አቆመችና እጁን ያዘች። «በል እንዳታሳፍረኝ። እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መኪና ሳይ ልሞት ነው።»

ቤላርሚኖ ዋዜማውን ቦሎቄውን ዘፈዘፈ። እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ቦሎቄውን፣ በጨው ታሽቶ የከረመውን የአሳማ ወርች፣ ጮማውን፣ በጢስ የደረቀውን ቋሊማና የደም ቋሊማውን አንድ ላይ ጣደ። ማንኪያ ይዞ ቢገኝ እጁን እንዲቆርጡት ለራሱ ማለ። ቦሎቄውን ደጋግሞ አስደነገጠ። ድስቱን ወዘወዘ። ሽታው ጓሮውን ሲሞላው ዘፈነም፤ ይህን የጎረቤት ውሾች ይመሰክራሉ። ደረቱን ነፍቶ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ቀመሰ።

ባሕሩ ራሱ መጥቶ ቢቀምስ «ውሃ ስጡኝ» ባለ ነበር።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከሁሉም ሰዓት ይህን መረጡ። ገቡ፤ ክዳኑን አነሱ፤ ቀመሱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ወርቹን ዘፍዝፈኸዋል?»

«ቦሎቄውን ዘፍዝፌዋለሁ።»

«ቦሎቄውንማ ፍየልም ትዘፈዝፈዋለች! የከረመ ወርች ለብቻው ውሃ ውስጥ ካላደረ ጨዉን የት ይተፋል? ሾርባህ ላይ ነዋ!»

ቤላርሚኖ ዱካው ላይ ዘጭ አለ። ውሃ ቢጨምርበት እጣቢ ይሆናል፤ እንደ አዲስ ቢጥድ ከመሸ ይደርሳል፤ ማርሴሊና ደግሞ መንገድ ላይ ናት። «ይወስዷታል፣ ኤተልቪና» አለ።

እሱ ያችን ቃል ጠበቀ። እመት ኤተልቪና ግን አልተናገሯትም። በሩ ኋላ የተሰቀለውን የኦሊቫን ሽርጥ አዩ፤ ክዳኑን መልሰው ገጠሙ።

«ምን ታፈጥብኛለህ አንተ ሽማግሌ? አጥሩ ጋ ና። እጅህን በጨርቅ ጠቅልል፣ ይፋጃል።»

ምን ይደረግ፣ ወሬው እውነት ነው። በአጥሩ ላይ አንድ ድስት ወዲህ ተሻገረ፤ አንድ ድስት ወዲያ። ወዲህ የመጣው ውስጥ አንዲት ቆዳዋ የተላጠ ቦሎቄ አልነበረችም። ወዲያ የሄደውን ባሕር ደግሞ እመት ኤተልቪና በተቀቀለ ድንች እያለዘቡ ሳምንቱን ሙሉ ብቻቸውን በሉት። አልጣሉትም፤ የአሳማ ሥጋ መጣል ኃጢአት ነው።

ኦሊቫ ማዕድ ቀርባ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ባሏን አየች። በመስኮቱ አጥሩን አየች። «ጨምርልኝ» አለች። ማርሴሊናም እናቷን ትታ፣ ልቧ ግን ሳያምን ወደ ሂኾን ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ያ የእንጨት ጫማ ከአያ ቤላርሚኖ ወጥ ቤት አልጠፋም። «ማንኪያውን አስቀምጥ!» የሚለው ጩኸት ደወል ቤቱ ድረስ ይሰማል። ኦሊቫ አልጋዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሐሙስ ዕለት ብቻውን ያበሰለውን እመት ኤተልቪና ቀምሰው ጣታቸውን ላሱና «ይበላል» አሉ። ቤላርሚኖ እስከ ዛሬ ያችን ቃል ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል።

በሚቀጥለው እሑድ ማርሴሊና መጣች። ወሬው ከሷ ቀድሞ ጠጅ ቤት ደርሶ ጠበቃት። ሰምታ በቀጥታ እመት ኤተልቪና ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«እትዬ ኤተልቪና፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያ የበላነው ሾርባ የርስዎ ነው አይደል?»

የፖም ጠጁን ከከፍታ የሚያንቆረቁረው ቀጂ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ እንዳነሳ ቀረ። እዚያው ጠረጴዛ የተቀመጠው ቤላርሚኖ ኮፍያውን ጨመቀ። እመት ኤተልቪና ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ማርሴሊና እዚሁ ያደገች ናት፤ እኚህ ሴት ስለ ሾርባቸው «ነቀፋ ነክቶት አያውቅም» እንደሚሉ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው።

«የኔ?» አሉ። «ያ የሳፍሮን ቅመም ያልሸተተው? ያ ቦሎቄው ፈራርሶ ገንፎ የሆነው የኔ?»

ቤላርሚኖ ይህን መስማት አልቻለም። የዚያን ሾርባ ክብር ሊከላከል አፉን ከፈተ፤ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የእንጨት ጫማ እግሩ ላይ አረፈበት፤ አፉን ዘጋ።

«ክዳኑን አንስቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ!» አሉ እመት ኤተልቪና፣ ጫማቸውን ሳያነሱ። «እኔ እንዲያ ያለ ነገር በዕድሜዬ አብስዬ አላውቅም። ያባትሽ ነው። ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው!»