ጋሼ አፍንጫ ሾርባ ፍለጋ ወጡ

አስፋልት አልቆ አቧራ በሚጀምርበት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ዞሮ በሚመለስበት የከተማ ዳር ሰፈር ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰፈሩን መብራት ቢረሳው፣ ውሃ ቢረሳው፣ እግዜር ግን እንዳልረሳው የምታውቀው በዚህ ሰው ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ውሻ እንኳ ጮሆ ጮሆ ደክሞት ሲተኛ፣ ትኩስ ምግብ የት እንዳለ ያውቃል። አውቆም ዝም አይልም፤ ካልወሰድኩህ ብሎ እጅህን ይጎትታል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። የእኛው ግን የሚስቴ ታላቅ ወንድም ሆነው ቁጭ አሉ።

ሰፈርተኛው በሌሉበት «ጋሼ አፍንጫ» ይላቸዋል። እኔም በሌሉበት እንደዚያው ነው የምላቸው፤ ፊት ለፊት ስንሆን «ጋሼ» ብዬ አፍንጫውን እውጠዋለሁ። ሥራቸው አሳንሰር መጠገን ነው። በሰፈራችን እንደ አሸን የፈሉት ባለ ስምንትና ባለ አሥር ፎቅ ሕንጻዎች አሳንሰራቸው የሚበላሸው ደግሞ ሰው ደክሞት ሲገባ፣ ማታ ማታ ነው። ስለዚህ ክቡርነታቸው ቀን ይተኛሉ፣ ማታ የተያዘ ሰው ከሳጥን ያወጣሉ፣ ከዚያ ይርባቸዋል። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ረሃብ ነው።

ጋሼ የሚበላን ነገር ለሁለት ይከፍሉታል፤ ምግብና ሆድ መሙያ። ሦስተኛ የለም። የምግቡን ፎቶ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤት በምግቡ የሚያፍር ቤት ነው ባይ ናቸው። በዋናው በር አይገቡም፤ መጀመሪያ ዞረው ጓሮውን ያያሉ። አብሳዩ የገዛ ድስቱን ቆሞ ሲበላ ካላዩ አይቀመጡም። «የራሱን የማይበላ ሰው ምን አይቶበት ነው?» ይላሉ።

ርቀት ላይ ግን አይታመኑም። የትም ይሁን የት «አምስት ደቂቃ ናት» ነው የሚሉት። አንድ ማታ ባለቤቴ ዳቦ ግዛ ብላ ብትልከኝ ጥግ ላይ አገኙኝና በዚህችው አምስት ደቂቃ ተታለልኩ። በነጠላ ጫማ ግማሽ ከተማ ዞሬ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ የከባድ መኪና ጎማ ክምር በከለላት በር ገብቼ፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ ዶሮ ስግጥ አመሸሁ። ዶሮውን አላማውም፤ ጣቴን የላስኩት ሰው እያየኝ ነው። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዳቦው የት አለ አለችኝ። ከወንድምሽ ጋር ነበርኩ ስላት ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር መንገዱን ለቀቀችልኝ። አብራቸው አድጋለች።

የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ የሆነውንም ልንገራችሁ። የስንብት ግብዣው ሆቴል አዳራሽ ነበር። ጋሼ እዚያ የተገኙት ተጋብዘው ሳይሆን የሆቴሉ አሳንሰር ሰው ይዞ ስለቆመ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲያልፉ ሳህኔን አዩት። ጎንበስ አሉና በጆሮዬ «አስቀምጠው» አሉኝ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው የሚያባብሉ ነበር የሚመስሉት። አጠገቤ የነበረው ሾፌራችን ሰማ። ጸሐፊዋ ከሾፌሩ ሰማች። ሥራ አስኪያጃችን ንግግር ለማድረግ ማይክራፎን ሲጨብጡ አዳራሹ ውስጥ አስተናጋጆቹና ወንበሮቹ ብቻ ቀርተው ነበር ይባላል። ተሰናባቿ ራሳቸው ከእኛ ጋር ነበሩ። የተሰጣቸውን አበባ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጎን ባለች ጠባብ ቤት፣ ቃሪያ የበዛበት እንቁላል በትኩስ ዳቦ ሲበሉ፣ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ግብዣ አላየሁም አሉ።

ሥራ ላይም ያው ናቸው። አንዲት ነርስ በስድስተኛና በሰባተኛ ፎቅ መሃል ተይዛ ስታለቅስ፣ ጋሼ በበሩ ስንጥቅ አፋቸውን አስጠግተው ምን እንደሚሸታት ጠየቋት። ልጅቱ ግራ ተጋብታ ለቅሶዋን አቆመች። ሽንኩርት ሲጠበስ ይሸተኛል፣ ነጭ ሽንኩርትም አለበት አለች። በሩን ከፍተው ካወጧት በኋላ አመስግነዋት ደረጃውን ሽቅብ ወጡ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለማታ ፈረቃ ሠራተኞች ሩዝ የምታበስለው ሴት የተገኘችው እንዲህ ነው።

በጋሼ የምስቅ መስዬ ከሆነ፣ አዎ፣ እስቅ ነበር።

አማቴ፣ ማለት የጋሼና የባለቤቴ እናት፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ያረፉት እኛ ቤት ነው። ቁስሉ ዳነ። ምግብ ግን እምቢ አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በቀን ከሁለት ማንኪያ በላይ አልወርድላቸው አለ። ባለቤቴ ያልሠራችው የለም። ጋሼም በየማታው ከየጓሮው ያላመጡት የለም፤ ከጎሚስታው ጀርባ ዶሮውን፣ ከሰባተኛ ፎቅ ሩዙን። እማማ ልጃቸው ቅር እንዳይለው ቀመስ ያደርጉና «ሸጋ ነው፣ አስቀምጡልኝ» ይላሉ። አስቀምጡልኝ ማለት ውሰዱልኝ ማለት እንደሆነ ገብቶን ነበር። ሐኪማቸው ለረቡዕ ጠዋት ቀጥራ፣ እስከዚያ መብላት ካልጀመሩ ሆስፒታል ተኝተው በቱቦ እንደሚመገቡ ነገረችን። እማማ ቱቦ የምትለዋን ቃል ከሰሙ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ጀመሩ።

ማክሰኞ ማታ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ ትራሳቸውን ስታስተካክልላቸው ዞር አሉና «የዓሣ ሾርባ ቢኖር እጠጣ ነበር» አሉ።

ባለቤቴ ትራሱን እንዳቀፈች ወደ እኔ መጣች። ቤት ውስጥ ዓሣ የለም። በሰፈሩ የተከፈተ ሱቅ የለም። እኔ ብልጡ፣ ጠዋት ይደርሳል አልኩ። እሷ ስልኳን አነሳች።

ጋሼ አንድ አሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። እናታቸው ያሉትን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ባለቤቴ ሄዳ ጠይቃ ተመለሰች። ቀጭን፣ ሎሚ ጣል ያለበት። በስምንት ደቂቃ እደርሳለሁ አሉ፣ በስምንት ደቂቃም ደረሱ። ግራሶ የነካውን የሥራ ልብስ እንኳ አልቀየሩም። እኔ አሁንም ጠዋት ቢሆንስ እያልኩ ነበር።

«አምሮት ቀጠሮ አይሰጥም» አሉኝ። «ጠዋት ስትነቃ ረስታዋለች። ና፣ መኪናው ውስጥ ግባ።»

መጀመሪያ የሄድነው አደባባዩ ጋ ወዳለው ዓሣ ቤት ነው። እንደ ልማዳቸው ጓሮውን ዞሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ጓሮው ባዶ ነበር፤ ምድጃው ሳይቀር ተነቅሏል። ዘበኛው ባለቤቱ ቤቱን ከለቀቀ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ነገረን። በዚህ ሰፈር ጋሼ ሳያውቁ የተዘጋ ድስት አልነበረም። ለካስ እናታቸው ከታመሙ ወዲህ ለራሳቸው ሆድ አልዞሩም።

ከዚያ ወደ አውቶቡስ ጋራዡ በረርን። እንቁላል የምትሠራው ሴት ማክሰኞ ማክሰኞ የዓሣ ሾርባ አላት። ስንገባ ድስቱ ተደፍቶ ውሃው ይንጠባጠባል። አሁን፣ አሁን ገና ማጠቤ ነው አለች፤ እጇ ላይ ሳሙናው ነበር። ለማን እንደፈለግነው ስትሰማ በዚያው በሳሙናው እጅ ግንባሯን መታች። ቆም ብላ አሰበችና፣ ዓሣው ከሐይቁ የሚገባው ማታ መሆኑን፣ የማቀዝቀዣ መጋዘኑ ጫኝ አውራጆች ለራሳቸው ቀቅለው ይበላሉ ሲባል መስማቷን ነገረችን። እሷ ሄዳ አታውቅም። ጋሼን አየኋቸው። እሳቸውም ሄደው አያውቁም። እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ያልደረሱበት ድስት አለ ማለት ነው! ወደ መኪናው በእግራቸው አልሄዱም፣ ሮጡ።

መጋዘኑ ከሰፈራችን ማዶ፣ በከባድ መኪና መንገድ ዳር ነው። መንገዱ መብራት የለውም፣ መታጠፊያው አይታወቅም። ጋሼ መስኮታቸውን አውርደው አንገታቸውን ወደ ውጭ አሰገጉ። አልዋሽም፣ እኔም በወዲህኛው መስኮት አሰገግኩ። ናፍጣ ሸተተን። እርጥብ ካርቶን ሸተተን። ጥቂት ሄድ እንዳልን ሁለታችንም እኩል «ወደ ግራ» አልን። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ሾርባ እያደንኩ ነው ብዬ ማን ያምነኛል?

በሩ ላይ ዘበኛው ማን ናችሁ አለን። ጋሼ ኮስተር ብለው አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ አሉ። መጋዘኑ ፎቅ የሚባል ነገር የለውም። ዘበኛው ጣሪያውን አየ፣ የጋሼን የሥራ ልብስ አየ፣ ተሟግቶ ከማምሸት ብሎ አስገባን።

ዘጠኝ ሰዎች በተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ጥግ ላይ አንድ ሸበቶ አብሳይ ቆሞ ከገዛ ድስቱ በጭልፋ ፉት ይላል። ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ድስቱ ግን ተሟጧል። የቀረው አንድ ሳህን የአንድ ግዙፍ አውራጅ እጅ ላይ ነው፣ ማንኪያውም ገብቶበታል።

ጋሼ ሄደው ሰውዬው ፊት ቆሙ። ስለ አንዲት ቅጠል ሰላጣ ግማሽ ሰዓት የሚናገሩት ሰው ዛሬ ነገራቸውን አሳጠሩ። ሁሉም ማላመጡን አቆመ።

«እናቴ ናት» አሉ። «ምግብ ካቆመች አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ዛሬ ሾርባ አለች።»

ግዙፉ ሰውዬ ማንኪያውን አወጣና ሳህኑን ዘረጋላቸው። አብሳዩ ግን ጭልፋውን መሃል አስገባ።

«ለታመመ ሰው የተነካ አይሰጥም» አለ። «ሃያ ደቂቃ ጠብቁኝ።»

ራታቸውን ትተው ተነሱ። አንዱ ዓሣ መርጦ አመጣ፣ አንዱ ውሃ ጣደ፣ ሎሚ ከአንዱ ካፖርት ኪስ ወጣ። ጋሼ ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍ ብለው ቢላዋ ተቀበሉ። ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ የሚለዩት እነዚያ እጆች አንድ ራስ ሽንኩርት መያዝ አቃታቸው።

«ቱቦውን ካስገቡባት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚያ በኋላ አትመለስም። አውቃታለሁ።»

በስምንት ዓመት ዝምድናችን የትኛው ጓሮ ውስጥ ምን እንደሚበስል ሳይነግሩኝ የቀሩበት ቀን የለም። ምን እንደሚፈሩ የነገሩኝ ያኔ ነው። ቢላዋውን ከእጃቸው ወሰድኩና እኔ ከተፍኩ። የዓይኔን ነገር በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

ስንመለስ ድስቱን በጋሼ ጃኬት ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ጋሼ እንቁላል እንደጫነ ሰው እየተጠነቀቁ፣ ጉብታ በደረሱ ቁጥር «ያዝከው?» እያሉ ነዱ። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። እማማን አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ልቀስቅስ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ አይሆንም አሉ። ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ፣ ድስቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ክዳኑን ገለጥ አደረጉት። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ወደ ትራሱ ሄደ።

መጀመሪያ የነቃው የእማማ አፍንጫ ነው፤ ዓይናቸው የተከፈተው ኋላ ነው። ያ አፍንጫ ከማን እንደተወረሰ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀና አድርገን ደገፍናቸው። አንድ ማንኪያ ጠጡ። አፋቸው ውስጥ አቆይተው ዋጡት።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ባለቤቴ ጨው ልታመጣ ሮጣ ኩሽና ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ጠፋች። ዓይኗን ጠራርጋ ስትመለስ ሳህኑ ተጋምሷል። እማማ ሌላ ሳህን ደገሙ። በማግስቱ ሐኪሟ ይህን ሰምታ ቱቦውን ለሳምንት አቆየችው፤ በሳምንቱ ደግሞ የሚያነሳው ጠፋ።

ያን ሌሊት እማማ ከተኙ በኋላ ጋሼ ኩሽና መጥተው ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም ነበር። የተረፈውን ሾርባ ግን የእሷ ነው ብለው አልነካም አሉ። ቤት ውስጥ የነበረው እኔ የቀቀልኩት፣ ተጣብቆ አንድ አካል የሆነ ማካሮኒ ብቻ ነው። አሞቅኩና እየፈራሁ አቀረብኩላቸው። ሹካውን አነሱ። አንድም ሳያስቀሩ ጨረሱት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ «እጅህ ይባረክ፣ ይጣፍጣል» አሉኝ።

እኚህ ሰው በምግብ ነገር ለሆቴል አብሳይ ያልዋሹ፣ ለሥራ አስኪያጅ ያልዋሹ፣ ለገዛ እህታቸው በሠርጓ ሰሞን እንኳ ያልዋሹ ናቸው። ለእኔ ዋሹልኝ።

ዛሬም ማታ ማታ ብቅ ይላሉ። እማማን ስመው፣ የበሉትን ጠይቀው፣ ወንበር ሊስቡ ሲሉ «ጋሼ፣ ማካሮኒ ልሥራልዎት?» እላቸዋለሁ። ወዲያው የመኪናቸውን ቁልፍ መፈለግ ይጀምራሉ። ባለቤቴ ወንድሜን ለምን ታስፈራራዋለህ ብላ ትቆጣኛለች። እኔ ግን ጫማዬን አስሬ ነው የምጠይቃቸው።