ጋሼ ካቻቢቴ እና የቆጣሪው ሳጥን

ብሎን የተፈጠረው ለማሰር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ እድለኛ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ከፋች የለም ማለት ነው። ከፋች ስል ሌባ ማለቴ አይደለም። ሌባ የሚከፍተው የሚወስደው ነገር ስላለ ነው። ከፋች ግን የሚከፍተው ዕቃው ስለተዘጋ ብቻ ነው። የተዘጋ ነገር ሲያይ የሰደቡት ያህል ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አለ ቢሉኝ አላምንም። ካለም አድራሻውን ይንገሩኝ፣ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ።

የእኛ ግቢ ከፋች ክቡር ጋሼ ካቻቢቴ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ያን ስም የሚያውቁት ግን ባለቤታቸውና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ፋብሪካው የእጅ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ ሸኛቸው። ሰዓቱን በዚያው ሳምንት ከፈቱት። እስካሁን እንደተከፈተ ነው።

ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪስ እሳቸው ካቻቢቴ ይሰካሉ። ሰላም ሲሉ እንኳ ዓይናቸው ከሰው ፊት ወርዶ በእጁ የያዘውን ዕቃ ይፈልጋል። ከዚያ «እስቲ ውስጡን ልየው» ይላሉ። ይህች ቃል ከወጣች በኋላ ያ ዕቃ እንደ ድሮው አይሆንም። የእኔን ካውያ አይተው ሲመልሱልኝ አንድ ብሎን ተርፏቸው ነበር። ብጠይቃቸው፣ ብሎኗ መጀመሪያውኑ ትርፍ ነበረች፣ ያባከናት የሠራው ፋብሪካ ነው አሉኝ። ካውያው አሁንም ይሠራል፤ ብቻ ከታቹ ይልቅ እጀታው ይግላል። የግቢው ደወል ደግሞ እሳቸው ከዳሰሱት ወዲህ ሲጫኑት ዝም ይላል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይጮኻል። ባለቤታቸው ብልህ ናቸውና ቴሌቪዥናቸውን እህታቸው ቤት አስቀምጠው እዚያው እየሄዱ ያያሉ።

ታዲያ ለምን ትሰጧቸዋላችሁ የሚል አይጠፋም። እምቢ ማለት ቀላል የሚመስለው ሰው አያውቃቸውም። እምቢ ሲባሉ አይቆጡም፣ አይለምኑም፤ ዝም ብለው ዕቃውን ያዩታል። ሰው አንጀቱ አይችልም።

ከሁሉ አብልጠው ይከፍቱት የነበረው ግን በግቢው በር አጠገብ የተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ነው። የድሮው ሳጥን ስስ ፕላስቲክ ነበር። ፀሐይ አድርቃ ሰነጣጥቃዋለች፣ ክዳኑ በሽቦ ታስሯል፣ ውስጡ እንሽላሊት ቤት ሠርታበታለች። ጋሼ ካቻቢቴ ስንቴ እንደከፈቱት ቤቱ ይቁጠረው። ውሃ በገባበት ቁጥር ይንጣጣ ነበር፤ አንድ ክረምት ላይ እሳት ተፍቶ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ከሁሉ የባሰው ግን ጥርጣሬው ነው። ማንም ሊከፍተው ስለሚችል፣ የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። ያንዱ ቤት ቆጣሪ ዘገየ ከተባለ፣ ነካክቶት ነው ይባላል። የሌላው ከፈጠነ፣ ጎረቤቱ አዙሮበት ነው ይባላል። ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረስን። ክፉ ሳጥን ደህናውን ጎረቤት ያበላሻል።

ከዚያ አዲሶቹ መጡ። ስማርት ቆጣሪ ይሏቸዋል፤ ሰው ሳያነባቸው ንባባቸውን ራሳቸው ለመብራት ቢሮ ይልካሉ። የግቢው ቆጣሪዎች በሙሉ በአንድ ወፍራም ሳጥን ውስጥ ገቡ። መስኮቱ አይሰበርም፣ ጠርዙ ውሃ በማያስገባ ጎማ ተለብጧል፣ ብሎኖቹ በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም፣ በላዩም ማኅተም አለው። የገጠመችው ቴክኒሻን ክዳኑን በቡጢ መታ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቃን ሄደች።

እኛ ደስ አለን። እንሽላሊቷ ቤቷን ለቀቀች። ሰው ከሰው ሰላም መባባል ጀመረ። ጋሼ ካቻቢቴ ግን ምግብ አልበላ አላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሳጥኑ ፊት ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይቆማሉ። የማይከፈት ነገር የሚደብቀው ነገር አለው እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ ከሆነ፣ የብሎኑን ራስ ቅርጽ በሳሙና አንስተው፣ የብስክሌት ብረት ሞርደው ሞርደው መፍቻ ሠርተውለት ነበር። እንዲያ ተደክሞለት የተሠራ ነገር ኪስ ውስጥ እንደማይቀር ማወቅ ነበረብን።

እዚህ ላይ እትዬ ጫጩትን ላስተዋውቅ። በግቢው ጥግ የሚኖሩ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ እንጀራቸው ቁምሳጥን የሚያህል የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ነው። ማሽኑ ቀን ከሌት መሞቅ አለበት። ሳምንታት ሞቆ ሞቆ መጨረሻው ላይ ከቀዘቀዘ ጫጩቶቹ ዛጎላቸው ውስጥ ይቀራሉ፤ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ያን ሰሞን ማሽኑ ጢም ብሎ ነበር። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ የቀራቸው አንድ ቀን ነው።

በዚያው ቀን ጠዋት በሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። ክቡርነታቸው ይህችን ነበር የሚጠብቁት። ስሌታቸው እንዲህ ነው፦ ቆጣሪ በመብራት ይሠራል፤ መብራት ከሌለ ተኝቷል፤ የተኛ ዘበኛ ደግሞ አያይም። ስለዚህ ማኅተሙን በዘዴ አላቀው ቶሎ ከፍተው፣ አይተው ቢዘጉት ማን ያውቃል? ከፈቱ፣ አዩ፣ ዘጉ፣ ቤታቸው ገብተው ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና ቁርስ በሉ። የማያውቁት ነገር ቆጣሪው የራሱ ባትሪ እንዳለው ነው። መብራት ቢጠፋም እሱ አይተኛም። ክዳኑ ሲነሳ መዝግቦ የግቢውን መስመር ቆልፎታል።

ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ብየዳውን ጀመረ፣ የጎረቤት ግቢ ሙዚቃውን ለቀቀ፤ የእኛ ግቢ ግን ጭጭ። እትዬ ጫጩት ቢሮ ደወሉ። ሳጥናችሁ ተከፍቷል፣ ሰው መጥቶ ሳያጣራ አይለቀቅም ተባሉ። ከጋራዡ መስመር እንሳብ ብለን ተነሳን። በግቢው ያለው ረጅም ማከፋፈያ ገመድ ግን ጋሼ ካቻቢቴ ጠረጴዛ ላይ አንጀቱ ወጥቶ ተኝቶ ነበር።

የቀረን ሙቅ ውሃ ነው። ግቢው በሙሉ በከሰል ውሃ እያፈላ በጠርሙስ ይሞላ ጀመር። ጠርሙሶቹ ከማሽኑ ጎን ባለው መሳቢያ ይገባሉ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ይደረብበታል። የፊት በሩ ከተከፈተ ግን ሙቀቱ አምልጦ ሁሉም ነገር ያበቃል። እትዬ ጫጩት ዞር ዞር ብለው ሥራ የፈታ ሰው ፈለጉ። ከሁሉ ሰው መርጠው ጋሼ ካቻቢቴን «ይህን በር ማንም እንዳይከፍት ይጠብቁልኝ» አሏቸው። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ግን መሬት ተቀምጠው ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቴክኒሻኗ ከአለቃዋ ጋር መጣች። አለቃው መሣሪያውን ሰክቶ አነበበና ሳጥኑ የተከፈተው መብራት ጠፍቶ ሳለ መሆኑን ነገረን። ከመካከላችሁ አንዱ ነው አለ። ቀጥሎ፣ ከሁሉ የበለጠ መብራት የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሳጥኑ በካቻቢቴ የማይፈታ ነውና ጋሼን ያሰበ የለም፤ የግቢው ሰው ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እትዬ ጫጩት ዞረ። ያ የድሮው ጥርጣሬ ለካ አልሞተም፤ ተኝቶ ነበር። አለቃው፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የእሳቸው መስመር እንደተቆለፈ ይቆያል፣ ምርመራውም ቀናት ይፈጃል አላቸው። እትዬ ጫጩት በእጃቸው የያዙትን ጠርሙስ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላቸው ጠቀለሉት።

ያኔ ማሽኑ ካለበት ከእትዬ ጫጩት ክፍል ውስጥ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ። መፍቻው ግራ ኪሴ ውስጥ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱት። እኔ መነሳት አልችልም፣ በር ይዣለሁ።»

አለቃው ገብቶ ምን እንደነኩ ጠየቃቸው። ምንም እንዳልነኩ፣ ያዩት ብቻ እንደሆነ ነገሩት።

«ታዲያ ለምን ከፈቱት?»

«ተዘግቶ ነበራ።»

አለቃው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ መልስ የሰማ አይመስለኝም። ቴክኒሻኗ ሳጥኑን ፈትሻ አንድም ሽቦ እንዳልተነካ አረጋገጠች። ቅጣቱ በጋሼ ስም ተጻፈ፣ አዲስ ማኅተም ተደረገ፣ መብራት ተለቀቀ። ልትሄድ ስትል ጋሼ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «አባቴ፣ ሳጥኑን እንዲህ አድርገን የምናጠነክረው ከእርስዎ ልንደብቀው ብለን አይደለም» አለቻቸው። «ዝናብ እንዳይገባበት ነው። ደግሞም ሰው በማያውቀው ነገር ሌባ እንዳይባል ነው። ዛሬ እኮ እኚህን እናት አስበልተዋቸው ነበር።» ጋሼ አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ጠዋት የማሽኑ መስታወት ፊት ተሰበሰብን። ጋሼ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው ተንበርክከዋል። አንዱ እንቁላል ተነቀነቀ፤ ጫጩቱ በአፉ ትንሽ ቀዳዳ ሠራና ደክሞት ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ጋሼ አላስቻላቸውም፤ ላግዘው እንዴ አሉ።

«አይሆንም» አሉ እትዬ ጫጩት። «ሰው የከፈተለት ጫጩት አይጠናም። እጅዎን ይያዙልኝ።»

ጋሼ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ። ሰው የማሽን ሆድ ዕቃ ሲያወጣ እንዲህ ሲያልበው አይቼ አላውቅም። ጫጩቱ እንደገና ገፋ፣ ዛጎሉ ተሰነጠቀ፣ ርጥብ ያለ ጉድ ወጥቶ ተንደባለለ። ጋሼ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

አብዛኞቹ ወጡ። ከበሩ አጠገብ የነበረው አንድ ትሪ ግን ሙሉ በሙሉ ዝም እንዳለ ቀረ። እትዬ ጫጩት ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም፤ ቢናገሯቸው ይሻላቸው ነበር። ጋሼ ትሪውን ተሸክመው ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው አፈር መለሱባቸው። አንዱንም አልከፈቱም።

ከዚያ ወዲያ ኪሳቸው ባዶ ሆነ። ሰው የያዘውን ዕቃ ማየት ተዉ፤ ፊት ለፊት እያዩ ሰላም ይሉ ጀመር። ለዓመታት የጸለይንለት ነገር እኮ ነው። ግቢው ሰላም ሆነ፤ ሰላሙ ግን አስጠላኝ፣ እውነቴን ነው። አንድ እሁድ አላስችል ቢለኝ ምንም ያልሆነውን ሬዲዮዬን ታቅፌ ቤታቸው ሄድኩና አልናገር ብሎኛል አልኳቸው። ወደ ባለሙያ ውሰደው አሉኝ። ግድ የለም፣ ይዩልኝ አልኩ። ቁልፉን ቢያዞሩት ሬዲዮው ዜናውን አንበለበለው። ለካ ባትሪውን ማውጣት ረስቻለሁ።

ጋሼ ሬዲዮውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ይናገራል እኮ» አሉ።

«ይናገራል» አልኩ፤ «አነጋገሩ ነው ደስ ያላለኝ።»

ሬዲዮውን ገልብጠው የጀርባውን ብሎኖች ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ካቻቢቴውን የት እንዳደረጉት ጠየቋቸው። ሬዲዮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይኑሩልኝ፤ ገና የግድግዳ ሰዓቴም አለ።