አዴ ለሊሴ አዳራሹን ያስመረቁ ለት

ስሙኝማ፣ ቡራዩ ውስጥ አዳራሽ ያለው ሰው ሰላም የለውም። ጠዋት እድሩ ይመጣል፣ ከሰዓት ቀበሌው፣ አመሻሽ ላይ መዘምራኑ። ሁሉም ፈገግ ብሎ ነው የሚገባው። ፈገግታውን ስታዩ ምን ሊጠይቅ እንደመጣ ታውቃላችሁ።

አዴ ለሊሴ መራመድ የማይችሉ ልጆች የሚውሉበት የበጎ አድራጎት ማኅበር ኃላፊ ናቸው። እኔ የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽቼ ቡራዩ የገባሁ ሰው ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የቦርድ አባል አደረጉኝ። እናቶቹ ሥራ ሲውሉ ልጆቹ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይበላሉ፣ እግራቸውን ይታሻሉ፣ ይስቃሉ። አዳራሹ ከተዘጋ እናቶቹ በር ቆልፈውባቸው ነው ሥራ የሚሄዱት። ምን ያድርጉ?

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር ነበር። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለ፣ ኔትወርክ የለ። በዚያ ሳምንት አንድ የጸጥታ ሹም መጣና ከሩቅ ለመጡ ፖሊሶች ማደሪያ አዳራሹ ይሰጠን አለ። እሱ ከመውጣቱ የሰፈሩ ወጣቶች ገብተው ለስብሰባ እንፈልገዋለን አሉ። አቤት ጣጣ! ለአንዱ ቢሰጡ ሌላው ያቃጥለዋል፣ ለሌላው ቢሰጡ ያኛው ያሽገዋል።

እኔ ብልጡ ምክር ለገስኩ። ለሁለቱም እሺ ይበሉና ቁልፉ ጠፋ ይበሉ አልኳቸው። አዴ ለሊሴ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ቁልፍ አንስተው "ታዲያ ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። 

በእግራቸው ሹሙ ዘንድ ሄዱ። ከዚያ ወጣቶቹ ዘንድ። ለሁለቱም የተናገሩት ቃል በቃል አንድ ነው፤ አብሬያቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ኑ፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ምርቃቱም አዳራሹ ከልጆቹ እጅ እንዳይወጣ ነው፤ ከልባችሁ ካልሆነ "ሃ ታኡ" እንዳትሉ። "ሃ ታኡ" በኦሮምኛ "ይሁን" ማለት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ሕዝቡ የሚመልሰው እሱን ነው፤ አንዴ ካሉት ደግሞ አይታጠፍም።

ሐሙስ ደረሰ። እኔ ለመሮጥ እንዲያመቸኝ በሩ ጋ ቆምኩ፣ ምን እዋሻለሁ! ሹሙ ፖሊሶቹን አስከትሎ መጣ፤ ወጣቶቹም ቶለሳ የሚባለውን መሪያቸውን ይዘው መጡ። ጠመንጃው ውጭ ይቀመጥ፣ ድንጋዩም እንዲሁ ተባለ። ልጆቹ ምንጣፋቸው ላይ ምሳ እየበሉ ያዩናል።

ኦቦ ገመቹ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ቀጥታ ወደ ምርቃት የሚገቡ መሰላችሁ? ሰላምታ አለ እንጂ! አካም ጅርቱ፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዝናቡስ፣ ሹሙን እናትህ ተሻላቸው ወይ፣ ቶለሳን በሬህ እግሩ ዳነ ወይ። ሹሙ የቶለሳን በሬ ሰማ፣ ቶለሳም የሹሙን እናት። ሰው እንዲህ ከተጠያየቀ በኋላ መቆጣት ይከብዳል።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። እነዚህ ልጆች ይደጉ አሉ። "ሃ ታኡ!" አልን። ዝናቡ የሰላም ይሁን። "ሃ ታኡ!" ይህን ቤት ከልጆቹ የሚቀማ እጅ አይኑር። ጭጭ! ሹሙ ቶለሳን ያያል፣ ቶለሳ ሹሙን። በመሐል ከኋላ የቆመ አንድ ፖሊስ "ሃ ታኡ" አለ፣ የገበሬ ልጅ መሆን አለበት። ቶለሳ ተከተለ። ሹሙ በመጨረሻ በአፍንጫው አጉረመረመ።

"አልሰማሁም" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጮክ ብሎ አለው። እኛም ተቀበልነው።

በዚያ ሰሞን ስንት ነገር ተቃጠለ፣ ስንት እናት አለቀሰች። ያ አዳራሽ ግን አንድም ቀን ሳይከፈት አልዋለም። ፖለቲካ ያለ ውሸት እንደሚሠራ ያየሁት እዚያ ነው። እኚህን ሴት ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላቸው ነበር፤ ስለሌለኝ በልቤ አጎንብሼላቸዋለሁ።

ነገሩ ረገብ ሲል በዘዴ ሸወዷቸው አይደል አልኳቸው። ተቆጡ። ምርቃቱ ለምን እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬያቸው የለም ወይ፣ ሽወዳው የቱ ጋ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አወድሼ አወድሼ ስጨርስ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ጣል አደረግሁ፦ የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው፣ ለመልሱ አዳራሹን ቢፈቅዱልኝ?

አዴ ለሊሴ ትክ ብለው አዩኝ። "ሐሙስ ለት በሩ ጋ ቆመህ አልነበር?"

ነበርኩ። ከሁሉም በላይ የጮህኩትም እኔ ነኝ። መልሱን ድንኳን ተከራይተን ደገስን፤ ዝናቡም የሰላም ሆኖ ሲወርድብን ዋለ።