ቲፕ የማያውቁት አያ ተገኘ

ቲፕ የሚባለው ነገር እንደየአገሩ ጠባዩ ይለያያል። ውጭ ደርሰው የመጡ ሰዎች እንደሚያወሩት፣ ሳይሰጡ ቢወጡ በክፉ ዓይን የሚሸኙበት አገር አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ትተው ቢወጡ ደግሞ አስተናጋጁ «ገንዘብዎን ረሱ» ብሎ እስከ መንገድ የሚከተልበትም አለ። እኛ ደብረ ታቦር ላይ የቲፑን መጠን የሚወስነው የምግቡ ጣዕም ሳይሆን አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ነው። አለቃዎ ካለ እጅዎ ይፈታል። ብቻዎን ሲሆኑ ግን ልክ በዚያች ደቂቃ ስልክ ይደወልልዎታል፤ እያወሩ ይወጣሉ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ ለዓይናቸው ሕክምና ከእብናት መጥተው፣ ዘወትር የምበላበት ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኳቸው። አስተናጋጇ ብርቱካን ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ልጅ ናት። ሽሮውን አቅርባ እንደ ወትሮዋ ራቅ ብላ ቆመች። አያ ተገኘ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው፣ አይበሉም?» አልኳቸው።

«የቤቱ ልጅ ቆማ?» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ያቀረበ ሰው ሳይቀምስማ አይበላም።»

ሥራዋ መሆኑን ባስረዳ ባስረዳ የሚሰማኝ ጠፋ። የቤቱ ባለቤት ከእንግዳ ጋር የተቀመጠች አስተናጋጅ በዚያው ቀን እንደምትሰናበት ደጋግመው ተናግረዋል፤ ብርቱካንም ይህን ስለምታውቅ ዓይኗ ከባንኮኒው አልነቀል አለ። አያ ተገኘ ግን ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። ባለቤቱ ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። እኔ ስለ ልጅቱ እንጀራ ፈራሁ።

ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ተገኘ ጠቅልለው የያዙትን አጎረሷቸው።

«አንተም ተቀመጥ። ከጧት ጀምረህ ቆመሃል።»

ባለቤቱ አላምጠው እስኪውጡ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ። ወንበር ስበው ተቀመጡ! ብርቱካንም በወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለች መብላት ጀመረች፤ አያ ተገኘ ስለ እናቷ ሲጠይቋት ተደላድላ ተቀመጠች፣ ሳቀችም። የሚያስተናግድ ሰው ስለጠፋ ውኃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደነቀኝ፤ እስካሁንም ይደንቀኛል።

ሒሳብ ከፍዬ እንደ ልማዴ ቲፕ ሳስቀምጥ ብርቱካን አንስታ እጄ ላይ መለሰችው።

«ዛሬስ ይቅር ጋሼ» አለችኝ። «እንግዳ ነበርኩ።»